የመጨረሻው ፍርድ ጉዞ፦ ከዙፋን ችሎት እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት

ሉማሜ ላይ በአዋበል ወረዳ ፍርድ ቤት የተጀመረ የመሬት፣ የውርስ ወይም የቤት ክርክር ወዴት ወዴት እንደሚሄድ የምሥራቅ ጎጃም ተሟጋች አሳምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እዚያም ካልተቋጨ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ሰበር ሰሚ ችሎት። የዚህን ጉዞ ቁርጥራጭ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። አያቶቻችን ስለ ዙፋን ችሎት ነግረውናል፤ የደርግ ዘመን ሰዎች የገበሬ ማኅበሩን ፍርድ ሸንጎ ያስታውሳሉ፤ የዛሬው ጠበቃ ደግሞ ያለ ሰበር መዝገብ ቁጥር አይከራከርም። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በየዘመኑ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር አካል ጠፍቶ አያውቅም፤ ለብዙ ዘመን የጠፋው የዚያ ቃል ምክንያት ተጽፎ ለቀጣዩ ተሟጋች መድረሱ ነው። የበላይ ፍርድ ቤታችን በየሕጉ ዘርፍ ክብደት ያገኘው ምክንያቱን ጽፎ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ዛሬም የሚተቸው ምክንያቱ ሲሳሳ ነው።

እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ሙግት ዙፋን ላይ ሲያልቅ

በድሮው ሥርዓት ዳኝነት ከሹመት የሚለይ ሥራ አልነበረም። ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉታል፤ እሱ ካላስማማቸው ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያ ወደ መልከኛው፣ ከዚያ ወደ አገረ ገዥው ይወጣሉ። ከእነሱ በላይ ወምበር የሚባሉት ዳኞች አሉ፤ ከወምበሮች በላይ በንጉሡ ስም የሚፈርደው አፈ ንጉሥ፣ ከሁሉም በላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ በዙፋን ችሎት። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የተቀቡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ ላይ የራሳቸው ችሎት ነበራቸው፤ የመጨረሻው አቤቱታ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ይህን ሥርዓት ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ አይሆንም እንጂ። ችሎቱ አደባባይ ላይ ነበር። ተሟጋቾቹ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ዋስ እየጠሩ፣ ሕዝቡ እየሰማ ይከራከሩ ነበር። ፍርድ ሲሰጥም አነስተኛው ሹም ቀድሞ ሐሳቡን ይናገራል፣ ታላቁ ይከተላል፣ ንጉሡ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። የዚህ ቅደም ተከተል ጥበብ ግልጽ ነው፤ ትንሹ ዳኛ ትልቁን ፈርቶ ሐሳቡን እንዳይውጥ ነው። ዕውቀቱም ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትን የሚተረጉሙ ሊቃውንት ከችሎቱ አይርቁም ነበር። ጎደሎው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ለዚያ ተሟጋች፣ በዚያ ዕለት ነው። ለምን እንደተሰጠ ተጽፎ፣ ከዓመት በኋላ ብቸና ላይ ተመሳሳይ ክርክር የሚሰማ ዳኛ እጅ የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የንጉሡ ፍርድ ዝና ሆኖ ይወራል እንጂ ሕግ ሆኖ አይቀጥልም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። ዳኝነት ቢሮ አገኘ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተከታትለው ወጡ፤ ሕገ መንግሥቱ ዳኞች በሕግ መሠረት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዲፈርዱ ደነገገ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባና ሁሉም በጅምር ቀረ።

ከ1934 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ የበላይ የነበረው፣ ያልነበረውም ፍርድ ቤት

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ የዛሬውን መሰላል አቆመ። ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ከላይ፣ ከሥሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛትና የአውራጃ ፍርድ ቤቶች፤ ትንሽ ቆይቶም ለባላገሩ የቅርብ የሆነው አጥቢያ ዳኛ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የሚመሩት አፈ ንጉሥ ነበሩ፤ በከፍተኛ ፍርድ ቤት የውጭ አገር ዳኞችም ተቀመጡ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለዳኞች ነጻነት ቃል ገባ። ቀጥሎም ሕጎቹ እንደ ጎርፍ መጡ፤ የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም.። ፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የሕጉ አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች የቀድሞውን ልማድና ደንብ ሁሉ ሻረ።

ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላም ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻው አልነበረም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 183 ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለዙፋን ችሎት እንዲያመለክት በሩን ክፍት አድርጎታል። ይህን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። አዲሶቹ ሕጎች በባዕድ አገር ሊቃውንት የተረቀቁ፣ ብዙው ባላገር ያልለመዳቸው ነበሩ፤ ሕጉ የጨከነበትን ድሃ ንጉሠ ነገሥቱ ቢያነሡት ምን ይጎዳል? ለዚያ ድሃ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ከኋላው ያለው ነው። ርኅራኄ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ሲነፈግ ልዩነቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ የለም፤ የሥር ዳኛውም ቢሆን ፍርዱ በየትኛው ሚዛን እንደተሻረ ሳያውቅ በሚቀጥለው መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ እርምጃ እዚህ ላይ አለ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195፣ የበላይ ፍርድ ቤት በሕግ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ የበታቾቹን ሁሉ እንደሚያስገድድ በአንቀጽ 15 ደንግጓል። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. ለሰበር ችሎት የተሰጠው አስገዳጅ የሕግ ትርጉም ከባዶ የመጣ አዲስ ፍጥረት ነው የሚለው ትችት ልክ አይደለም። ግን በ1955 የሥር ዳኛው የሚከተለውን ውሳኔ ከየት ያገኘዋል? በ1956 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት የተመረጡ ፍርዶችን ያወጣ ነበር፤ ያም በጎ ሥራ ሆኖ ሳለ ከጥቂት የሕግ ሰዎች እጅ አላለፈም። ግዴታው በአዋጅ ተጻፈ፣ የሚገዛው ጽሑፍ ግን ለሥር ዳኛው አልደረሰም።

በጎጃም ይህ ክፍተት የከፋ ነበር። የጎጃም ገበሬ ትልቁ ሙግት ርስት ነው። ከዋና አባት ትውልድ እየተቆጠረ የሚጠየቀው ርስት ለዓመታት የሚጎተት ክርክር እንደነበር በዳሞት ያጠናው አለን ሆበን በ1965 ዓ.ም. ገደማ በታተመ መጽሐፉ አሳይቷል። ርስት በልማድ እየኖረ፣ ከላይ ያለው ፍርድ ቤት የፈረንሳይ ሕግ ሽታ ያለውን መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ፈራ፤ ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት አመፁ። ጦር ዘምቶ፣ አገረ ገዥው ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሥተው፣ መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ተወ። በሕይወቱ ትልቁ በሆነው ጉዳይ ላይ የበላይ ፍርድ ቤት ቃል እንደሚያስጠልለው ያላመነ ሕዝብ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ መሣሪያ አነሣ። አመፁ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ይህ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ሙግቱ ከፍርድ ቤት ሲወጣ

አብዮቱ ዙፋን ችሎትን ከዙፋኑ ጋር ወሰደው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት፣ ያለ ምንም ፍርድ ተገደሉ፤ በዚያው ዘመን የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የወንጀሉን ዳኝነት ከመደበኛው ችሎት ነጠቀ። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ የፍትሐ ብሔሩን ግማሽ ይዞ ሄደ ማለት ይቻላል። ርስት ቀረ፤ የመሬት ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተላለፈ፤ በከተማም ቀበሌው ዳኛ ሆነ።

ለዚህ ሽግግር በቅን ልብ የሚከራከሩ አሉ። አውራጃ ፍርድ ቤት ለመሄድ በሬውን የሸጠ ገበሬ በጎረቤቱ በነጻ ተዳኘ ይላሉ፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ሸንጎው ፈራጅም፣ መሬት አዳይም፣ የፖለቲካ ክንድም ነበር። ሲሳሳት ከላይ የሚያርመው የሕግ ዐይን አልነበረም። የአዋበል ሸንጎና የእነብሴ ሳር ምድር ሸንጎ ስለ አንዲት መበለት የመሬት ድርሻ የተለያየ ቢፈርዱ ማን ያስታርቃቸዋል?

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የመጣው በሥርዓቱ ማብቂያ ላይ ነው። የ1980ውን ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተከትሎ የወጣው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 9፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ በሰበር የማየት ሥልጣን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰጠ። ፍሬ ነገሩን እንደገና የማይመረምር፣ ሕጉ ላይ ብቻ የሚያተኩር ችሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንዲህ ነው። ጦርነቱ በሚነድበት አገር ብዙ ሊሠራ አልቻለም፤ ሐሳቡ ግን ከመንግሥቱ ጋር አልወደቀም።

ከ1984 እስከ 1996 ዓ.ም.፦ ሁለት ሰበር፣ አንድ የተዘጋ በር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ሁለት ነገር በአንድ ላይ አደረገ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር ያያል አለ፤ ቀጥሎ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በክልል ጉዳይ ላይ የሰበር ሥልጣን አለው አለ። ባሕር ዳር ላይ ሰበር አለ፣ አዲስ አበባም ሰበር አለ። ‘ማናቸውንም’ የሚለው ቃል የክልሉን ሰበር ውሳኔ ጭምር ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተዘራው። በአንቀጽ 83 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቶ፣ ፍርድ ቤቱ ከሕጎች ሁሉ የበላይ በሆነው ሕግ ላይ የመጨረሻውን ቃል ተነፈገ።

የዚህ በር መዘጋት በተግባር የታየው በ1996 ዓ.ም. ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንድትዳኝ ፈቃዷን ሳትሰጥ ተፈረደባት፤ በየደረጃው አቤት ብላ የፌዴራሉ ሰበር ችሎትም አልተቀበላትም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የተከራካሪው ፈቃድ በሌለበት የሃይማኖት ፍርድ ቤት አይዳኝም የሚለውን የአንቀጽ 34 ድንጋጌ መሠረት አድርጎ ውሳኔዎቹን ሻረ። የፖለቲካ ምክር ቤት ከዳኞች የተሻለ የዜጋ መብት ያስከበረበት ጊዜ ስለነበር፣ ሥልጣኑ ለምክር ቤቱ መሰጠቱን ለሚደግፉት ትልቅ ማስረጃ ነው። እኔ ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ሌላ ነው፤ ሰበር ችሎቱ ሕገ መንግሥቱን እንደ ራሱ ሕግ ለማንበብ ስለፈራ የራሱን ሥራ ለሌላ አስረከበ።

ምሥራቅ ጎጃምም በዚህ ዘመን የራሱን ቁስል አየ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ‘ቢሮክራት’ እና ‘የፊውዳል ቅሪት’ የሚል ስም የተለጠፈባቸው ገበሬዎች መሬታቸውን ተነጠቁ። ስሙን የሚለጥፈው የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚያ መለያ የበላይ ፍርድ ቤት የጻፈው፣ ለቀጣይ የሚጠቀስ ትርጉም አልተገኘም። እንደገና መሬት፣ እንደገና ዝምታ።

ከ1997 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ የሰበር መጻሕፍት ዘመን

በሰኔ 1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ሰውነቱ አጭር ነው፤ ውጤቱ ግን ከብዙ ረጃጅም አዋጆች በለጠ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም ታትመው ይሰራጫሉ። ሁለተኛው ሐረግ ነው ታሪኩን የቀየረው። ቅጽ እየተባሉ የወጡት መጻሕፍት ከ20 በላይ ሆነው በየወረዳው ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገቡ። የወረዳ ዳኛ የአዲስ አበባን ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ይዞ ማንበብ ቻለ።

ወዲያው የሕጉ ዘርፍ ሁሉ ተነካ። በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ችሎቱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት ዋጋ የለውም አለ። አገሩ ሁሉ ቤት የሚገዛው በእማኝና በወረቀት ነበርና ድንጋጤ ሆነ፤ ዋጋ የናረበት ሻጭ ከዓመታት በኋላ ውሉ አልተመዘገበም እያለ ቤቱን መጠየቅ ጀመረ። ችሎቱ ቆይቶ ሻጩ ውሉን ካመነ ምዝገባ አለመኖሩ ውሉን አያፈርስም ወደሚል አቋም አዘነበለ። ተቺዎች ይህን መዋዠቅ ይሉታል። መዋዠቁ እውነት ነው፤ ግን ሊታይና ሊተች የቻለው ሁለቱም ምክንያቶች ታትመው ስለተቀመጡ ነው።

በቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሁለት ውሳኔዎች የችሎቱን ሁለት ፊት ያሳያሉ። በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ሕፃን አባቱ ሲጠይቅ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን ብቻ አይተው ፈረዱለት። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ፍርዱን ገልብጦ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ና ኢትዮጵያ በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም አለ። በሸሪዓው ጉዳይ የፈራውን ሕገ መንግሥት አሁን በእጁ ይዞ ፈረደበት፤ በእኔ ግምት ከታተሙት ሁሉ ምርጡ ነው። በመዝገብ ቁጥር 20938 ግን፣ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ኑሮ ከመሠረቱ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም ጋብቻው እንደፈረሰ ይቆጠራል አለ። የቤተሰብ ሕጉ ፍቺን ለፍርድ ቤት የሰጠ በመሆኑ ይህ ሕግ መተርጎም ሳይሆን ሕግ ማውጣት ነው የሚል ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃውሞው ትክክል ይመስለኛል። ሚስት በገጠር ልጅ ይዛ ስትቀር ባል በከተማ ሌላ አግብቶ በሚኖርበት አገር፣ የመለያየት ርዝመት ጋብቻ ያፈርሳል ማለት ሸክሙን በተተወችው ላይ ይጥላል፤ ውሳኔው ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት አልመለሰም።

በወንጀል ረገድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በይግባኝ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን የዕድሜ ልክ ቅጣት ወደ ሞት ከፍ አደረገ። ከዚህ ይልቅ ተራውን ተከሳሽ የነካው ሌላው ሥራው ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ያወጣውና በ2006 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ ለአንድ ዓይነት ወንጀል ሁለት ዳኛ ሁለት የተራራቀ ዓመት የሚሰጥበትን ልማድ ለመግታት የመጣ ነው።

የፌዴሬሽኑ ተቃውሞ ግን ቀጠለ። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ በ1995፣ የራሱ የገጠር መሬት አዋጆች በ1992፣ በ1998ና በ2009 ዓ.ም. አሉት። የመሬት ይዞታ ደብተር ይዞ፣ በክልሉ አዋጅ የተከራከረ የሉማሜ ገበሬ ጉዳይ ለምን በፌዴራል ዳኞች ይተረጎማል? ራስን በራስ ማስተዳደር ማለት የራስን ሕግ መተርጎምንም አይጨምርም? ይህ ከተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። በሌላ ወገን ፍትሐ ብሔሩ፣ ወንጀሉና ሥነ ሥርዓቱ የአገሪቱ ሁሉ ሕግ ናቸው፤ ደጀን ላይና ጎሐ ጽዮን ላይ የይርጋ ዘመን የተለያየ ትርጉም ቢሰጠው ዓባይን የሚሻገር ነጋዴ የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ መለየት የሚገባው ሕጉ የማን ነው የሚለው ነበር፤ አዋጅ 454 ግን አልለየም።

ችሎቱ ራሱ የሚታረምባቸው ጉዳዮች እንዳሉም የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ደጋግሞ አስታወሰው። ገበሬ ለብድር መሬቱን የሚያስይዝበትን፣ ፍርድ ቤቶች ተቀብለውት የነበረውን የወለድ አግድ ውል ምክር ቤቱ ገበሬው ከመሬቱ አይነቀልም በሚለው የሕገ መንግሥቱ መርህ ሻረው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትር ማዕረግ የነበራቸው አንድ ባለሥልጣን በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይከሰሱ የሚለው ድንጋጌ የይግባኝ መብታቸውን ስለሚነጥቅ፣ በሕገ መንግሥት ትርጉም ጉዳያቸው በከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ ተወሰነ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሰባት ዳኞችና ጠባቡ በር

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእሳቸው ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ለቀድሞዎቹ ትችቶች ሁሉ የተሰጠ መልስ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ምን እንደሆነ ዘረዘረ፤ ሕገ መንግሥቱን መጣስ ከዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ቀድሞ የሰጠውን አስገዳጅ ትርጉም የሚለውጠው ከሰባት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት እንዲሆን አደረገ፤ የቤት ሽያጩን ዓይነት መዋዠቅ ለመግታት የታሰበ ነው። በክልል ጉዳይ ላይ የክልሉ ሰበር የወሰነውን ደግሞ አዲስ አበባ የሚያየው ጉዳዩ አገር አቀፍ ጠቀሜታ ሲኖረው ብቻ ነው። ሙግቱ የክልሉ የመሬት አዋጅ ትርጉም የሆነ የምሥራቅ ጎጃም ተሟጋች ከእንግዲህ የመጨረሻ ችሎቱ በአብዛኛው ባሕር ዳር ነው።

ጠባቡን በር የሚነቅፉ፣ ለደካማው አንድ ተጨማሪ የአቤቱታ ዕድል ተወሰደበት ይላሉ። እኔ ግን በሩ መጥበቡን እደግፋለሁ፤ አራተኛ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ የሚችለው በአብዛኛው ገንዘብ ያለው ነውና። የድጋፌ ሚዛን ግን ባሕር ዳር ላይ ነው የሚለካው። የክልሉ ሰበር የመሬት፣ የውርስና የጋብቻ ትርጉሞቹን እንደ ፌዴራሉ በቅጽ በቅጽ አሳትሞ ለእያንዳንዱ ወረዳ ካላደረሰ፣ የ1955ቱ ታሪክ ይደገማል፤ ግዴታ በአዋጅ፣ ጽሑፍ በመጋዘን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት መንገዱንም ችሎቱንም ባወከበት ጊዜ ይህ ሥራ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ተሟጋቹ ባሕር ዳር መሄድ በማይችልበት ጊዜ ግን የሚያድነው የአዋበል ዳኛ የበላዩን ምክንያት ጠረጴዛው ላይ ማግኘቱ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ ሉማሜ ላይ በትክክል ሊያልቅ ይችላል።